ሥዕሉ ሲነሣ የሚቀረው

አንድ ታሪክ ሥዕሉን በሙሉ ቢነጠቅና ድምፅ ብቻ ቢቀርለት ምኑ ይተርፋል ትላላችሁ? ለአጥቢያችን ወጣቶች ኅብረት የድምፅ ድራማ ስለምጽፍ ይህ ጥያቄ ዘወትር ያከራክረናል። እኔን ብዙ ያስተማረኝ አንድ የእንግሊዞች የሥዕል ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ማርከስ ሞሪስ የተባሉ የአንግሊካን ቄስ በሳውዝፖርት ከተማ አካባቢ ያገለግሉ ነበር። ልጆች ከአሜሪካ የመጡ አስፈሪ የሥዕል መጽሔቶችን ማንበባቸው አሳሰባቸው። እኛ ብንሆን «አታንብቡ» ብለን እናልፍ ይሆናል። እሳቸው ግን ከሠዓሊው ፍራንክ ሃምፕሰን ጋር የተሻለ ነገር ለመሥራት ተነሡ። «ኢግል» የተባለው ሳምንታዊ መጽሔት በኤፕሪል 1950 ወጣ፤ የመጀመሪያው እትም ወደ 900,000 ቅጂ ተሸጠ። በፊት ገጹ ላይ የጠፈር አብራሪው ዳን ዴር ነበር፤ በጀርባው ደግሞ የሐዋርያው ጳውሎስ ሕይወት በሥዕል ይተረክ ነበር።

ዳን ዴር መጀመሪያ ሲታሰብ የቄስ ኮሌታ ያጠለቀ የጠፈር መንፈሳዊ አገልጋይ ነበር። ከመታተሙ በፊት ኮሌታው ወልቆ ኮሎኔል ሆነ። ታዲያ እምነቱ አብሮ ወለቀ? ታሪኩን ተመልከቱ። ምድር ተርባለች፤ ዳን ምግብ ፍለጋ ወደ ቬነስ ይጓዛል፤ ከእርሱ በፊት የተላኩት መርከቦች ግን ፕላኔቷን ሲቃረቡ ፈንድተዋል። እዚያ የሚጠብቀው ሜኮን፣ ዕውቀት የሞላው ነገር ግን ርኅራኄ የሌለው ገዥ ነው። ዳን ስብከት አይሰብክም፤ ለሌሎች እንጀራ ሲል ነፍሱን አሲዞ ይሄዳል እንጂ።

ይህ ታሪክ ዝነኛ የሆነው በሥዕሉ ነው። ሃምፕሰን የመርከቦቹን ሞዴል ያሠራ፣ ባልደረቦቹንና ቤተሰቡን እያስቆመ ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር። ሆኖም በ1951 ሬዲዮ ሉክሰምበርግ ታሪኩን በ15 ደቂቃ ክፍሎች ማስተላለፍ ጀመረ፤ ኖኤል ጆንሰን የዳን ድምፅ ሆነ። ቢቢሲም በ1990 በአራት ክፍል አቀረበው። በ2016 ደግሞ ኤድ ስቶፓርድ ዳንን ሆኖ የተጫወተበት አዲስ የድምፅ ድራማ ወጣ።

እስቲ እናንተ ጸሐፊ ብትሆኑ ሜኮንን እንዴት ታሰሙታላችሁ? በሥዕል አረንጓዴ ነው፤ ራሱ ግዙፍ፣ አካሉ ቀጭን፣ በአየር ላይ በሚንሳፈፍ መቀመጫ ይሄዳል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የደራሲው ገለጻ አብሮት ነበር። በድራማ ግን ያን የሚነግርላችሁ ተራኪ ላይኖር ይችላል። ዳን አጠገቡ ላለው ለረዳቱ ለዲግቢ «ራሱ ትልቅ ነው፣ ቆዳው አረንጓዴ ነው» ቢል ያስቃል፤ ዲግቢም ዓይን አለው።

በኅብረታችን ማየት የማትችል እህት አለችን። ጽሑፋችንን ሁሉ አስቀድማ የምትሰማው እርሷ ናት። «ለእኔ ብላችሁ ገለጻ አታብዙ፤ ሰዎቹ እንደ ሰው ይነጋገሩ፣ ቀሪውን እኔ እሠራዋለሁ» ትለናለች። ከእርሷ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። የሚያየው ሰው ለማያየው ይናገር፤ ለምሳሌ ከመርከቡ ወደ ምድር በሬዲዮ። የሜኮን መቀመጫ ከድምፁ ቀድሞ የሚሰማ ቀጭን እዝታ ይኑረው፤ እዝታው ሲመጣ ሌላው ሁሉ ዝም ይበል። ጠፈር ራሱ ድምፅ አልባ ነው፤ ስለዚህ ጆሯችሁን መርከቡ ውስጥ አስቀምጡ፦ የሞተር ጉርምርምታ፣ የራስ ቁር ውስጥ ያለ ትንፋሽ። መርከብ ሲፈነዳም ከትልቅ ፍንዳታ ይልቅ በቃል መሃል የተቆረጠ ድምፅና ምላሽ የማያገኝ ጥሪ ልብ ይነካል።

ወደ ክርክራችን ልመለስ። አንዳንዶቻችን ዋናው ገጸ ባሕርይ አማኝ መሆኑን በአፉ ይናገር እንላለን። በዚህ አልስማማም። በድምፅ ድራማ ኮሌታም ሆነ መስቀል አይታይም፤ «እኔ ደግ ነኝ» የሚል ሰው ደግሞ ይበልጥ ያጠራጥራል። አድማጭ ሰውየውን የሚያውቀው በፈራ ጊዜ ከሚያሰማው ድምፅ፣ ለደካማው ከሚመልሰው መልስና ማምለጥ ሲችል ለመቅረት ከሚመርጠው ምርጫ ነው። መናገር ካለበትም ሌላ መንገድ ሲያጣ ይናገር፤ ያን ጊዜ ቃሉ ይሰማል።

ስለዚህ በኅብረታችሁ አንድ የምትወዱትን የሥዕል ታሪክ ምረጡ። አንዱን ገጽ ብቻ ወደ ድምፅ ለውጡና መብራት አጥፍታችሁ አሰሙ። ከዚያም አድማጮቹን «ማን ነበረ? ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የፀጉሩን ቀለም ባያውቁ ግድ የለም። ከእርሱ ጋር ወደ ቬነስ ለመሄድ ይደፍሩ እንደሆነ ግን ሊነግሯችሁ ይገባል።