ሲሚንቶው ሳይደርቅ

ጫንጮ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

የሱሉልታ ሜዳ ውሃ ተኝቶበታል፤ ብርዱን ታውቂዋለሽ። የሕንፃውን ሥራ ከነቡድኑ እንዳስረከቡሽ ስትነግሪኝ ኮራሁ። ስለ ፕላንና ስለ በጀት የምጨምርልሽ የለኝም፤ ተምረሽዋል። በፎርማንነት ዘመኔ ደጋግሜ ያየሁትን አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ሥራ ሲበላሽ፣ ችግሩን ቀድሞ ያየ ሰው ሁልጊዜ እዚያው ሳይቱ ላይ ነበር። ወይ አልተጠየቀም፣ ወይ ተናግሮ ሰሚ አጥቷል።

ኮንክሪት ሁለት ጊዜ እንደሚመረመር ታውቂያለሽ። መኪናው እንደደረሰ ስላምፕ ይሠራል፦ 30 ሳንቲ ቁመት ያለው ሾጣጣ ቆርቆሮ በሦስት ዙር ይሞላል፣ እያንዳንዱ ዙር በብረት ዘንግ 25 ጊዜ ይወጋል፣ ከዚያ ሾጣጣው ቀስ ተብሎ ሲነሳ ኮንክሪቱ ምን ያህል እንደሰመጠ ይለካል። ውሃ በዝቶበት ከሆነ እዚያው ቁጭ ይላል፤ መኪናውን ትመልሽዋለሽ። ከዚያው የተወሰደው ኪዩብ ደግሞ የሚሰበረው በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ነው። ውጤቱ የታመነ ነው፤ ነገር ግን እስኪመጣ ድረስ ሶሌታው ጠንክሮ ከላዩ ኮለን ቆሟል። የዚያን ጊዜ «ደካማ ነው» ቢሉሽ ወይ ታፈርሻለሽ ወይ ትከራከሪያለሽ። አብዛኛው ሰው ይከራከራል። በወር መጨረሻ ሪፖርት ውስጥ የሚመጣ አስተያየት ሁሉ እንደዚያ ኪዩብ ነው። አትናቂው፤ ቡድኑን የምትመሪው ግን በየዕለቱ በምትሰሚው ይሁን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ሰብስበሽ «አስተያየት ያለው?» ብትዪ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ይሉኝታ አለ፣ ፍርሃት አለ፣ «ኢንጅነሯን ተናገረ እንዳልባል» አለ። ጥያቄሽን አጥብቢው፦ «ትናንት ከሰዓት ምን ነበር ያስቆማችሁ?»፣ «እዚህ ጋ ብረቱ ተጣቦ ቫይብሬተር አይገባም እንዴ?»። አንድ አንጋፋ ግንበኛ «እሺ ኢንጅነር» ብለውሽ ሲያበቁ ዞር ብለው ቱምቢውን እንደገና ከጣሉ፣ አላመኑበትም። ሰው ፊት አትጠይቂያቸው። ሻይ ሰዓት ላይ ጠጋ በይና «ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ እንዴት ያደርጉት ነበር?» በያቸው። የማትጠብቂውን ትሰሚያለሽ።

የእኔ ትውልድ በግምገማና በሂስ ግለ ሂስ ያለፈ ነው። መድረኩ ላይ የሚነሳው ሥራው ሳይሆን ሰውየው ነበር፤ የተባለው ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል፣ በሚቀጥለው ዝውውር ወይም ዕድገት ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ማን አፉን ይከፍታል? አንቺ ስታርሚ «አንተ መቼም ግዴለሽ ነህ» አትበዪ። «የብረቱ ሽፋን ሁለት ሳንቲ አይሞላም፣ ስፔሰር ጨምርበት» በዪ። የመጀመሪያው ለቡና ወሬ ይሆናል፤ ሁለተኛው በሩብ ሰዓት ይስተካከላል።

ካይዘን ወደ አገራችን ሲገባ ብዙዎቻችን እንደ አንድ ተጨማሪ ስብሰባ ቆጥረነው ነበር። አቶ መለስ ዜናዊ የጃፓንን መንግሥት ጠይቀው በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ 30 ፋብሪካዎች ተሞከረ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። መፈክሩ በየግድግዳው ሲለጠፍ አልወደድኩትም፣ አሁንም አልወደውም። ሐሳቡ ውስጥ ግን የሚወሰድ አለ፦ ማሽኑ ላይ የቆመው ሠራተኛ በትንሽ ቡድን ሆኖ ሐሳብ ያመጣል፣ ራሱ ይሞክረዋል፣ ለውጡንም ራሱ ያየዋል። ሰው ሐሳቡ ሥራ ላይ ሲውል ካየ፣ ነገ ሌላ ያመጣልሻል።

ተናግሮ ሰሚ ያጣን ደግሞ ከአሜሪካዋ የጠፈር መንኮራኩር ከቻሌንጀር ተማሪ። መንኮራኩሯ ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም. ተነስታ ከአንድ ደቂቃ ጥቂት አለፍ እንዳለ ተበታተነች፤ ሰባቱም ተሳፋሪዎች ሞቱ። በዋዜማው ምሽት የሮኬቱ ኩባንያ መሐንዲሶች ብርዱ የላስቲክ ማሸጊያውን ያደነድነዋል፣ አትነሳ ብለው በስልክ ሲሟገቱ ነበር። አለቆቹ ሰምተዋል። ችግሩ፣ «አደጋ የለውም» የሚለው ወገን ማስረጃ ማቅረብ ሲገባው፣ «አደጋ አለው» ያሉት አረጋግጡ መባላቸው ነው። በአንቺም ሳይት አንድ ሰው «ይሄ ድጋፍ አላማረኝም» ቢልሽ ስሌት አምጣ አትበዪው፤ ሥራውን አቁመሽ አብረሽው ሂጂና እዪ።

ይህ ማለት ያሉሽን ሁሉ ፈጽሚ ማለት አይደለም። አናጺው አንድ ይላል፣ ብረት አሳሪው ሌላ፣ ባለቤቱ ሦስተኛ፤ ሁሉን ለማስደሰት የሞከረ ሰው ጣራ ላይ አይደርስም። መወሰን ያንቺ ነው። ሳይት ቡኩ የኮንሰልታንቱ ትዕዛዝ የሚሰፍርበት ነውና፣ ለራስሽ ሌላ ደብተር ያዢ፦ ማን ምን አለ፣ ምን ተደረገ። ሁለተኛው ዓምድ ባዶ የሆነ ቀን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ያልተቀበልሽውን ሰው ፈልገሽ «ያልከውን አይቼዋለሁ፣ በዚህ ምክንያት አልሆነም» በዪው። ይቀየም ይሆናል፤ ዝም ከተባለ ሰው ግን ይሻላል።

አንቺንም መውቀሳቸው አይቀርም። ከአለቃሽ ከበድ ያለ ቃል ሲመጣ በዚያው ሰዓት መልስ አትስጪ፤ ጻፊው። በማግስቱ ሄደሽ «የቱ ሥራ ላይ ያዩት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ሥራውን ካሳየሽ፣ ደብተርሽ ላይ የእሱም ስም ይግባ።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች። ቅቤውን በእሑድ መኪና እንልካለን፤ መናኸሪያ የሚቀበል ሰው ላኪ።

አባትሽ