«አይዞሽ፣ ዲ አይነካም»

ዛሬ የምንጽፈው ስለ ራሳችን ጥፋት ነው።

እኛ አራት እጩ መምህራን በጋራ የምንሠራባት አንዲት አሮጌ ላፕቶፕ አለችን። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በእሷ ላይ አልጫን አለ። ስለዚህ ኡቡንቱን እንደ አዲስ ልንጭንባት ተስማማን። አንዷ ጓደኛችን «ፋይሌስ ምን ይሆናል?» ብላ ስትጠይቅ፣ «አይዞሽ፣ ዲ ላይ ነው ያለው፤ ዲ አይነካም» አልናት።

ተነካ። ዲ የምንለው ለካ ሌላ ዲስክ አይደለም፤ የዚያው የአንዱ ሃርድ ዲስክ ክፋይ ነው። አንድ ቤት በጣውላ ስለተከፈለ ሁለት ቤት አይሆንም። እኛም ዲስኩን በሙሉ የሚያጠፋውን ምርጫ በቅጡ ሳናነብ ተጫንነው። የትምህርት ዕቅዷን በሦስት ሌሊት አብረናት መልሰን ጻፍን። በማስተማር ልምምድ ጊዜ የቀዳችውን የአንደኛ ክፍል ሕፃናት የንባብ ድምፅ ግን ከየት እናምጣው?

እንግዲህ ሃርድ ዲስክ ልታዘጋጁ የተነሣችሁ ሁሉ፣ አስቀድማችሁ ፋይሉን ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጡ፤ ቅጂውንም በሌላ ኮምፒዩተር ከፍታችሁ እዩት። መጫኛው የሚዘጋጅበት ፍላሽ ውስጥ ያለውም ስለሚጠፋ፣ እሱን ማስቀመጫ አታድርጉት። ቻርጀሩንም ሰክታችሁ ጀምሩ። ከሁሉ በላይ ግን የባለቤቱን ጥያቄ «አይዞሽ» ብላችሁ አትለፉት።

ነገ ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲጠይቀንስ ሳናጣራ የምንመልሰው ስንቴ ይሆን?