ማን ይቅደም?

ከጨዋታ ሁሉ በፊት አንዲት ትንሽ ጠብ አለች፤ «ማን ይጀምር?» የምትባል። በልጅነታችን ብይ ስንጫወት «እኔ አንደኛ!» ብሎ ቀድሞ የጮኸ ይጀምር ነበር። ኳስ ሲሆን ሳንቲም ይወረወራል፤ ዘውድ ወይስ ጎፈር ይባላል። ካደግን በኋላ ይህች ጠብ የምትቀር ይመስለናል እንጂ አትቀርም፤ ስሟን ቀይራ በየስብሰባው፣ በየሰልፉና በየቤተ ዘመዱ ጉባኤ ትከተለናለች። እኔ ግን በቅጡ ያሰብኩባት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ ወዲህ በተማርኩት አንድ ጨዋታ ምክንያት ነው።

ጨዋታው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ነው። ለማያውቀው አንባቢ ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጡና እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ አስማተኛ፣ አንዱ ሌባ ይሆናል። አንድ ሰው ደግሞ ተራኪም ዳኛም ሆኖ ታሪኩን ይመራል። ተረት ነው፤ ሰሚው ሁሉ ተናጋሪ የሆነበት ተረት። ውጭ አገር ኖሮ የተመለሰ ወዳጃችን መጽሐፉን ይዞ መጣና አምስት ሆነን ቅዳሜ ማታ ማታ እንጫወት ጀመር።

ታሪኩ ሰላማዊ በሆነ ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ የፈለገ ይናገራል። በመካከላችን ድምጿ ለስላሳ የሆነ አንዲት ልጅ አለች። እሷ አፏን እስክትከፍት ድረስ ሁለቱ አንደበተ ርቱዖቻችን በሩን ሰብረው፣ ወርቁን ተካፍለው፣ ወደሚቀጥለው ከተማ መንገድ ጀምረዋል። ጠላት ብቅ ሲል ግን ተራኪው «ዳይስ ጣሉ!» ይላል። ሁሉም ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ ይጥላል፤ በወጣለት ቁጥር ላይ የገጸ ባሕርዩን ቅልጥፍና ይደምራል፤ ስማችን ከትልቁ ቁጥር ወደ ትንሹ በወረቀት ላይ ይሰፍራል። ከዚያ በኋላ ውጊያው እስኪያበቃ ተራው በዚያው ቅደም ተከተል ይዞራል። ያቺ ልጅ ተራዋ ሲደርስ ሁላችንም ዝም ብለን አፍ አፏን እናያለን። ከእኛ ጋር እኩል የምትሆነው ሰይፍ በተመዘዘ ሰዓት ነው።

ይህ ሕግ ታዲያ አንድ ቀን ተነስቶ የተጻፈ አይደለም። ጋይጋክስ ከጄፍ ፔረን ጋር እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው «ቼይንሜይል» በተባለ የጦር ጨዋታ ዳይስ የሚጥለው ወገን ለወገን ነበር። ትልቅ ቁጥር የወጣለት ወገን መጀመሪያ መንቀሳቀስን ወይም መጨረሻ መንቀሳቀስን ይመርጣል። «መጨረሻነትም ይመረጣል እንዴ?» ቢሉ አዎን፤ የጠላትን አካሄድ አይቶ መልስ ለመስጠት ይመቻል። ቀድሞ ከወጣ ጆሮ በኋላ የወጣ ቀንድ በለጠ ይል የለም የአገራችን ሰው! እያንዳንዱ ሰው ለየራሱ ጥሎ አንዴ የወጣለት ተራ እስከ ውጊያው ፍጻሜ የሚጸናበት ሥርዓት በ«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» መደበኛ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «ማርቭል ሂሮይክ ሮልፕሌይንግ» ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ዳይሱን ተወው። ተራውን የጨረሰ ሰው ቀጣዩን ይጠራል፤ በዙሩ መጨረሻ የቀረው ሰው የሚቀጥለውን ዙር ጀማሪ ይመርጣል፤ ራሱንም ቢሆን። እንግዲህ ወዳጆቹን ብቻ እየጠራ ጠላቱን መጨረሻ ላይ የተወ ሰው፣ ያ ጠላት ሁለት ጊዜ አከታትሎ ሲመታው ያያል።

የእኛው የጥንቱ ሰንጠረዥ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ጨዋታው «ወረራ» በሚባለው ምዕራፍ ይጀምራል። ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ የሌላውን ተራ ሳይጠብቅ፣ እንደ እጃቸው ፍጥነት ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ይህ የሚቆየው የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ነው። ተራ መከበር የሚጀምረው አንድ ከተበላ በኋላ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ የቤታችን ነገር ትዝ ይለኛል። አባታችን ካረፉ በኋላ ስለ ቤቱ ለመምከር ዘመድ ተሰበሰበ። ቅደም ተከተሉ እንደ ወጉ በዕድሜ ነበር፤ አጎቶቻችን ተናገሩ፣ ታላላቆቻችን ተናገሩ፣ እኔም የበኩሌን አልኩ። አባታችንን ሦስት ዓመት ያስታመመችው የመጨረሻዋ እህታችን ናት። ተራው እሷ ዘንድ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሊነሱ ነበር። «እናንተ ካላችሁት ወዲያ እኔ ምን እላለሁ» አለች። ቤቱ ተሸጠ።

ታላቅን ማስቀደም ክፉ ነው አልልም፤ ያሳደገኝ ወግ ነው። ዳይስም ዕውር ነው፤ ዕድሜን አያይም፣ ማስታመምን አያይም፤ በሽምግልና መካከል ይጣል የሚል ቢኖር መጀመሪያ የምቃወመው እኔ ነኝ። የቅዳሜው ጨዋታችን ያሳየኝ ሌላ ነገር ነው። በዳይሱ መጨረሻ የወጣ ሰው ቢከፋውም አይጨነቅም፤ ተራው እንደሚደርሰው፣ ደርሶም እንደሚመለስለት ያውቃል። እህቴን የጎዳት መጨረሻ መሆኗ ብቻ አልነበረም፤ ዙሩ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። በአንድ ዙር የሚያልቅ ነገር ላይ ቀዳሚው የሚናገር፣ መጨረሻው የሚያጸድቅ ሆኖ ይቀራል።

ከቤቱ ሌላ ገና ያልተቋጨ የጋራ ጉዳይ ስላለን ዘመድ እንደገና መሰብሰቡ አይቀርም። ያን ቀን ታላላቆቼን አክብሬ አንድ ነገር ልለምናቸው አስቤያለሁ። እንደ ወጉ በዕድሜ እንናገር፤ ነጠላ ከመስተካከሉ በፊት ግን አንድ ዙር እንድገም፤ ሁለተኛውን ከታናሿ እንጀምር።