አጎቴ ከቫሳ ፊት

ከአገር ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር ስቶክሆልምን የማስጎበኘው እኔ ነኝ። ከተማዋ በ14 ደሴቶች ላይ የተሠራች ስለሆነች ግማሹ ጉብኝት ድልድይ መሻገር ነው። እንግዳው በየድልድዩ ፎቶ ይነሳል፣ ነፋሱ ጆሮውን ሲቆነጥጠው ‹‹ይበቃናል›› ይላል፣ ቤት ገብተን ቡና ይፈላል። ባለፈው ሰኔ የመጡት አጎቴ ግን የዋዛ እንግዳ አልነበሩም። ዕድሜያቸውን የፈጁት በግንባታ ተቆጣጣሪነት ነው፤ ሕንፃ ሲያዩ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው ስንጥቁ ላይ ነው።

ጋምላ ስታን የሚባለውን አሮጌ ሰፈር አሳየኋቸው። ሞርተን ትሮትሲግ የተባለችው መተላለፊያ በጠበበችበት ቦታ 90 ሳንቲ ሜትር ብቻ ናት፤ ቱሪስቱ ተራ እየጠበቀ ያልፍባታል። ‹‹ይቺማ መርካቶም አለች፤ ያውም በሸክም ይታለፍባታል›› አሉኝ። የኖቤል ተሸላሚዎች እራት ወደሚበሉበት ማዘጋጃ ቤት ወሰድኳቸው። ሰማያዊ አዳራሽ የሚባለው ክፍል ግድግዳው ቀይ ጡብ ነው። አርክቴክቱ ራግናር ኦስትበርግ ሰማያዊ ሊያደርገው አስቦ ጡቡ ስላማረው ተወው፤ ስሙ ግን እንደወጣ ቀረ። አጎቴ ፈገግ አሉ። ‹‹ፕላኑ ላይ ሌላ፣ መሬት ላይ ሌላ። እኛም ጋ እንዲሁ ነው።››

ዩርጎርደን ደሴት ላይ ወዳለው የቫሳ ሙዚየም ስንገባ ግን ዝም አሉ። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ ከፀሐይ የመጣ ዓይን እስኪለምደው ጥቂት ይቆያል። ከዚያ 69 ሜትር የምትረዝም ጥቁር ቡናማ መርከብ ከነአንበሶቿና ከነምስሎቿ ፊት ለፊት ትገተራለች።

ቫሳ የስዊድኑ ንጉሥ ዳግማዊ ጉስታቭ አዶልፍ ለጦርነት ያሠራት ናት። 64 መድፍ ጭና እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 1628 ከቤተ መንግሥቱ ሥር ተነሳች። ሕዝቡ ዳር ቆሞ እያየ 1,300 ሜትር ያህል ሄደች። ነፋስ ገፋ ሲያደርጋት በጎኗ ተጋደመች፤ በተከፈቱት የመድፍ መስኮቶች ውኃ ገባ፤ ሰጠመች። 30 ያህል ሰው አለቀ። ከተገኙት አፅሞች አንዱን ሙዚየሙ ለዓመታት ጉስታቭ እያለ ሲጠራው ኖሮ፣ በ2023 የዘረመል ምርመራው ሴት ናት አለ።

‹‹ይህን ሁሉ ዘመን ምስጥ ሳይበላት?›› አሉ አጎቴ፣ እንጨቱን ቀና ብለው እያዩ። የባልቲክ ባሕር ጨው ትንሽ ስለሆነ እንጨት የሚቦረቡረው የባሕር ትል አይኖርበትም አልኳቸው። በ1961 ካወጧት በኋላም ውኃውን ከእንጨቱ ውስጥ የሚተካ ኬሚካል 17 ዓመት ሙሉ ሲረጩባት ኖረዋል። ራሳቸውን ነቀነቁ። የእሳቸው ጉዳይ ግን ሌላ ነበር፦ ‹‹ማን ተጠየቀ?››

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጥመው። መርከቧ ከመነሳቷ በፊት አድሚራል ክላስ ፍሌሚንግ ባለበት 30 ሰዎች ወለሏ ላይ ተሰልፈው ከጎን ወደ ጎን እንዲሮጡ ተደርጎ ነበር። አንዴ ሮጡ፣ ዋዠቀች። ደገሙት፣ ባሰባት። በሦስተኛው አድሚራሉ አስቆማቸው፤ ቢቀጥሉ እዚያው ወደቡ ላይ ትገለበጥ ነበር። ያን ያየ ሁሉ አወቀ። መርከቧም በቀጠሮዋ ሄደች፤ ንጉሡ ከጦር ሜዳ ሆኖ ቶሎ በሉ እያለ ይጽፍ ነበርና።

ምርመራው ሲጀመር ካፒቴኑ መድፉም ታስሮ ነበር፣ ማንም አልሰከረም አለ። ሠሪዎቹ መጠኑን ያጸደቀው ንጉሡ ራሱ ነው አሉ። ዋናው ሠሪ ሄንሪክ ሂበርትሶን ደግሞ ዓመት ቀደም ብሎ ሞቷል። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው ቢባል፣ ከተጠያቂዎቹ አንዱ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው ብሎ መለሰ። ማንም አልተቀጣም።

‹‹ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ!›› አጎቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለተናገሩት አጠገባችን የቆሙት ጃፓኖች ዞር አሉ። ‹‹አየህ ልጄ፣ እኔም እንደዚያ ሲዋዥቅ ያየሁት ነገር አለ። ፈርሜያለሁ።›› ምን እንደነበር አልጠየቅኳቸውም።

ከመውጣታችን በፊት መርከቧ ውስጥ የተገኙትን የአናጢዎች መለኪያዎች አየን። ገሚሶቹ የስዊድን ጫማ፣ ገሚሶቹ የአምስተርዳም ጫማ ናቸው፤ የአምስተርዳሙ ያጥራል። ጨርቅ በክንድ በሚለካበት ዘመን እናታችን ወደ ገበያ የሚልኩት ክንደ ረጅሙን ነበር እያሉ አጎቴ እስከ ጀልባው ድረስ ሲስቁ ሄዱ።

ጀልባው ላይ አንድ ነገር ነገርኳቸው። ከቫሳ ቀጥሎ የተሠራችው እህቷ ኤፕሌት ትባላለች። ሠሪው አንድ ሜትር ያህል አሰፋት፤ እሷም አልሰጠመችም። 30 ዓመት ያህል አገልግላ በ1659 ስታረጅ ራሳቸው ሆን ብለው ቫክስሆልም አጠገብ አሰጠሟት። በ2021 ጠላቂዎች አገኟት። እሷን ለማየት ትኬት አይቆረጥም፤ እስካሁን ባሕሩ ውስጥ ናት።