መነጽር ላይ መነጽር

የአውሮፕላን ሞዴል መገጣጠም የልጅ ጨዋታ ነው የሚሉ ሰዎች ሙጫውንና ቀለሙን የሚገዛው ማን እንደሆነ አላዩም። ልጅ ትዕግሥቱም ገንዘቡም የለውም። ካርቶኑን ከፍቶ፣ መብራቱን አስጠግቶ የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ ልጆቹ ራሳቸውን የቻሉለት፣ ማታ ማታ ትንሽ ጊዜ የተረፈው ጎልማሳ ነው። ታዲያ ጊዜውም ገንዘቡም ሲሟላ ዓይን ይለግማል። ዕድሜ አርባን ሲሻገር በዓይናችን ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ቅርብ ያለውን ለማየት መወፈር ሲገባው እንቢ ይላል። ጋዜጣውን ከፊታችን ማራቅ እንጀምራለን። ጋዜጣ ሲርቅ ይነበባል፤ የሞዴል ቁራጭ ግን ሲርቅ ይጠፋል።

ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሆነ ልንገራችሁ። እኔ የምወደው ሲ-47ን ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገበትን አውሮፕላን። ኤርፊክስ የተባለው የእንግሊዝ ሞዴል አምራች በ1/72 መጠን አውጥቶታል። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይህን ለማየት የሚቸገር የለም። ጉዱ ያለው የአብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ ነው። በዘመኑ አውሮፕላኖች ላይ የከፍታና የፍጥነት መለኪያዎች ስፋታቸው 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ለ72 ሲካፈል 1.1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚያች ክብ ውስጥ ደግሞ ቁጥርና ጠቋሚ አለ! ጣሪያው ሲለጠፍ ማን ያየዋል ልትሉኝ ትችላላችሁ። እውነት ነው። ሠሪው ግን መኖሩን ያውቃል፤ ይህ በሽታ መድኃኒት የለውም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው በእጅ የሚያዘውን አጉሊ መስታወት ነው። ለቴምብር ሰብሳቢ ይበቃል። የእኛ አንዱ እጅ ወረንጦ፣ ሌላው ክንፉን ይዟል፤ ሦስተኛ እጅ አልተሰጠንም። ቀጥሎ ሰዓት ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚሰኩት ጥቁር ማጉያ ያምረናል። መነጽር ለማያደርግ ሰው ደግ ነው። መነጽር ያደረገ ግን ሌንሱን እንደልቡ ወደ ዓይኑ ማስጠጋት አይችልም፤ በራቀ መጠን የሚታየው ቦታ እየጠበበ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማጮለቅ ይሆናል። መነጽሩ ፍሬም ላይ የሚቆነጠጥ ዓይነትም አለ፤ እሱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው አንድ ዓይን ነው። በአንድ ዓይን ሲሠራ ደግሞ ርቀት መገመት ይከብዳል። የሙጫ ጠብታ የያዘችው መርፌ ክፍሉን ነካች ስንል ወዲያ አልፋ አየር ትወጋለች። ሰዓት ሠሪ ጠረጴዛው ላይ የተኛ ነገር ስለሚነካ ይቻለው ይሆናል፤ አውሮፕላን ጀርባ ላይ አንቴና ለሚተክል ሰው ሁለት ዓይን የግድ ነው።

ስለዚህ መነጽር ላደረገ ሞዴል ሠሪ የሚሻለው ጭንቅላት ላይ የሚጠለቀው ለሁለቱም ዓይን የሚሆን ማጉያ ነው። ከነዚህ ውስጥ ስሙ የገነነው ኦፕቲቫይዘር የተባለው የአሜሪካ ሥራ ነው። ሌንሱ ከመነጽሩ ፊት ይወርዳል፤ ሳይፈለግ በጣት ወደ ላይ ይገፋል፤ እጆችም ነፃ ናቸው። ሌንሶቹ በቁጥር ይሸጣሉ፤ ገዢም ከፍ ያለው ቁጥር የተሻለ ይመስለዋል። ቁጥር 3 ነገሩን 1.75 ጊዜ ያጎላል፤ ሥራው ከሌንሱ 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቆ ይያዛል። ቁጥር 10 ሦስት ጊዜ ተኩል ያጎላል፤ ርቀቱ ግን 10 ሴንቲ ሜትር ነው። በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ እጅ፣ ወረንጦና ብሩሽ አስገቡ እስቲ! የብሩሹ እጀታ ግንባር ይመታል፣ የሙጫው ሽታ በቀጥታ አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ አንገት ይጎብጣል። በዚያ ላይ ፕሮፔለሩ ሲጠራ ከኋላው ያሉት የሞተር ሲሊንደሮች ይደበዝዛሉ፤ ሲሊንደሮቹ ሲጠሩ ፕሮፔለሩ ይሄዳል። ቁጥር 3 ወይም 4 ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል ባይ ነኝ።

ከሥር ያለው መነጽርም ዝም ብሎ አይቀመጥም። የሌንስ ጉልበት በዳዮፕተር ይለካል፤ ሌንሶች ሲደራረቡም ይደመራል። ፕላስ 2 የንባብ መነጽር ያደረገ ሰው በላዩ ቁጥር 3ን ሲያወርድ 5 ዳዮፕተር ሆነ ማለት ነው። 33 ሴንቲ ሜትር ላይ ይጠራልኛል ብሎ የገዛው 20 ላይ ይጠራበታል፤ ዕቃው ተበላሽቷል ብሎም ሊመልሰው ይሄዳል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 100ን ለዳዮፕተሩ ድምር አካፍሉ፣ ርቀቱ በሴንቲ ሜትር ይወጣል። ስለዚህ ከማጉያው ሥር የሚደረገው የሩቅ መነጽር ነው። መነጽራቸው ላዩ ለሩቅ፣ ታቹ ለንባብ የሆነ ሰዎች አገጫቸውን ዝቅ አድርገው በላይኛው ክፍል ይዩ። ዕድለኞቹ ሩቅ የማይታያቸው ናቸው፤ ማይነስ 5 የሆነ ሰው መነጽሩን ቢያወልቅ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለውን ያለ ማጉያ ጥርት አድርጎ ያያል። አስቲግማቲዝም የተባለው የዓይን ጉድለት ካለበት ግን ማውለቁ አያዋጣውም። በየመንገዱ የሚሸጠው የንባብ መነጽርም አይረዳውም፤ እሱ አስቲግማቲዝምን አያርምም፣ ሁለቱ ሌንሶቹም እኩል ናቸው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መብራት። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ብሌን ስለሚጠብ ወደ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ይቀንሳል። ማጉያ አምጡልኝ የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የቸገረው አምፖል ነው። መሐሉ ላይ ክብ ሌንስ ያለው የጠረጴዛ መብራት ሁለቱንም ይሰጣል፣ ጭንቅላትም አይከብድም። ቀን ቀን ሌንሱን ሸፍኑት፤ በመስኮት የምትገባ ፀሐይ በእሱ ተሰብስባ እሳት ታስነሳለች።

ማጉያ ሌላም ጣጣ አለው፤ እንግዳ የማያየውን እንከን ያሳያል። በቁጥር 10 ሲታይ የተሰነጣጠቀ የመሰለው የሞዴሉ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ መስመር መደርደሪያ ላይ ሆኖ ሲታይ ቀጥ ያለ ነው። ያንን ደግሞ ደጋግሞ መፋቅ ጤና አይደለም።

ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ጠረጴዛችሁ ላይ እንደ ሥራ ቀን ተቀመጡ፣ ወረንጦውን ያዙ፣ ከዓይናችሁ እስከ እጃችሁ ያለውንም ርቀት ሰው በማስመሪያ ይለካላችሁ። ያንን ቁጥር ጽፋችሁ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱና በዚህ ርቀት የሚሠራ መነጽር እዘዙልኝ በሏቸው። ለትልልቁ ሥራ ማጉያ ጭራሽ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።