ዋጋስ አለው፤ ገዢው ማነው?

ባለፈው ሰኞ ማታ ሞርስ ሮድ ላይ ካለ አንድ ምግብ ቤት ቡና ይዘን ስንጫወት፣ መጋዘን የሚሠራ አንድ ወጣት ወገናችን ስልኩን አቀረበልኝ። «ጋሼ፣ እስኪ ይህን ይዩልኝ። 200 ዶላር አለህ ይለኛል፤ ዛሬ ሙሉ ቀን ልሸጠው ብል ግን የሚገዛ ጠፋ» አለ።

የያዘው ኦፕሽን ነበር። ኦፕሽን ማለት የአንድን ኩባንያ አክሲዮን እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት ነው። አንዱ ውል አብዛኛውን ጊዜ 100 አክሲዮን ይመለከታል። የልጁ ውል አርብ ያበቃል። ኩባንያው ትንሽ በመሆኑ ተገበያዩ ጥቂት ነው፤ ገዢ የሚሰጠው 10 ሳንቲም፣ ሻጭ የሚጠይቀው 3 ዶላር ከ90። ስልኩ መካከሉን ወስዶ 2 ዶላር ይላል፤ በመቶ ሲባዛ 200 መሆኑ ነው። «በተገኘው ዋጋ ይሸጥልኝ» ቢል ኖሮ እጁ የሚገባው 10 ዶላር ብቻ ነበር።

«ከዚህ በታች አልሸጥም ብለህ ዋጋህን ቁረጥ። ከመካከሉ ጀምረህ ቀስ እያልክ ውረድ። አርብን ግን አትጠብቅ» አልኩት። ሐሙስ ደውሎ በ60 ዶላር መሸጡን ነገረኝ።

ይህን ምክር የተማርኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። አገር ቤት ሳለሁ ከጋዜጠኝነት ደመወዜ ቆጥቤ የአንድ የግል ባንክ አክሲዮን ገዝቼ ነበር። በየዓመቱ የትርፍ ድርሻ ይመጣል፤ ሰውም «ዋጋው እጥፍ ሆኗል» ይላል። እኔም ሀብታም ነኝ ብዬ ተቀመጥኩ።

እ.ኤ.አ. በ2014 እህቴ ታመመችና ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል ተባለ። አክሲዮኑ እንዲሸጥ ለአጎቴ ልጅ ውክልና ላክሁ። ያን ጊዜ አገራችን የአክሲዮን ገበያ አልነበራትም፤ በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ የነበረው መገበያያ ከአብዮቱ ጋር ቀርቷል። ገዢ የሚፈለገው በሰው በሰው ነበር። እዚህ ኮሎምበስ ገንዘብ ያላቸው ወዳጆች ሊገዙኝ ፈለጉ፤ ነገር ግን የአሜሪካ ዜግነት ወስደዋል። የ2008ቱ የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ የውጭ ዜጋ የባንክ አክሲዮን እንዳይዝ ይከለክል ነበር። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ነጋዴ ተገኘ፤ የሰጠውም እኔ በገዛሁበት ዋጋ ነው።

ሕመም ሁለት ወር አይጠብቅም። የደረሰልኝ ዕቁባችን ነው። በዚያ ሳምንት ዕጣ የወጣላቸው አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ አንተ ውሰደው፤ ያንተ ሲወጣ እኔ እወስዳለሁ» ብለው ለቀቁልኝ። ገንዘቡ በማግስቱ ተላከ። እህቴ ዛሬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። በ2019 የወጣው አዋጅ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የባንክ አክሲዮን እንዲገዙ ፈቀደ። በጥር 2025 የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀመረ፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ደስ ይላል። ሆኖም ገበያ ስለተከፈተ ብቻ ገዢ ይመጣል ማለት አይደለም። ይህን ያህል ትልቅ ገበያ ባለባት አሜሪካ እንኳ ያ ልጅ ገዢ አጥቶ ሲጨነቅ አይቻለሁ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ አክሲዮንም ሆነ ኦፕሽን ስትገዙ «ስንት ያወጣል?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። «መሸጥ ባስፈለገኝ ቀን ማን ይገዛኛል? በስንት ቀንስ ገንዘቡ እጄ ይገባል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለክፉ ቀን ያስቀመጣችሁትን ገንዘብ ገዢ በሚፈልግ ወረቀት ላይ አታውሉት። ዕቁባችሁንም አትተዉ።

ቸር ይግጠመን።