ከፊልሙ በፊት የሚነፋው ጥሩንባ

በእኔ ዘመን የአዲስ አበባ ልጅ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ቆጥሮ ሳይጨርስ የፎክስን ጥሩንባ በአፉ መንፋት ያውቅ ነበር። ቪዲዮ ቤት አግዳሚው ላይ ተፋፍገን፣ ዴኩ ካሴቱን ዋጥ አድርጎ፣ ከበሮው ሲጀምርና ፓውዛዎቹ ሰማዩን ሲያስሱ «ይሄ አሪፍ ነው!» የሚል አይጠፋም። ገና አርኖልድ ሽዋዚንገር ብቅ አላለም እኮ! የፊልሙን ደግነት የሚመሰክርልን የአከፋፋዩ ዓርማ ነበር።

የፊልም ካሴት ንግድ የሆሊዉድ ሐሳብ ይመስለን ይሆናል። አይደለም። ገበያውን ወለል አድርጎ የከፈተው አንድሬ ብሌይ የሚባል፣ ሚቺጋን ውስጥ ፋርሚንግተን ሂልስ በምትባል ከተማ ካሴት የሚያባዛ ሰው ነው። ድርጅቱ ማግኔቲክ ቪዲዮ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1977 ለትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ደብዳቤ ጽፎ ፊልሞቻቸውን በካሴት አባዝቶ ለመሸጥ ፈቃድ ጠየቀ። እሺ ያለው ፎክስ ነው፤ 50 ፊልም ሰጠው። አንዱ ካሴት 50 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር፣ ለዚያ ጊዜ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ግን ተሸጠ። እንግዲህ በእነዚያ ካሴቶች ላይ ከፊት የሚመጣው የማግኔቲክ ቪዲዮ ዓርማ የፊልም ሠሪ ሳይሆን የአባዥ ዓርማ ነበር ማለት ነው። ልብ በሉልኝ፦ ብሌይና የእኛ ሰፈር ካሴት ገልባጭ ሙያቸው አንድ ነው። የሚለያቸው ያቺ ደብዳቤ ናት።

ገንዘቡ ሲታይ ፎክስ ዝም አላለም፤ በ1979 ድርጅቱን ራሱን ገዛው። በ1982 ከሲቢኤስ ጋር ተሻርኮ ካሴቱ «ሲቢኤስ ፎክስ ቪዲዮ» የሚል ስም ያዘ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሲቢኤስ ከስሙ ወጥቶ «ፎክስ ቪዲዮ» ብቻ ሆነ። ስሙ በተለወጠ ቁጥር ዓርማውም ይለዋወጣል። ጥሩንባው ግን የጥንት ነው፤ አልፍሬድ ኒውማን የሚባል የሙዚቃ ሰው በ1933 የደረሰው ነው። ግንቡም መጀመሪያ መስታወት ላይ የተሳለ ሥዕል ነበር። በ1994 «ትሩ ላይስ» ከሚለው ፊልም ጀምሮ በኮምፒውተር ተሠራ፤ ካሜራው እንደ አሞራ እየዞረ ይወርድበታል። አምሯል፣ አይካድም። እኔ ግን ለአሮጌው አደላለሁ፤ የሰው እጅ ይታይበታል።

ይህ ሁሉ ግርማ ለምን? ካሴት እኮ ያው ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ከባለቤቱ መምጣቱን የሚናገርለት ያስፈልገዋል። በ1985 ማክሮቪዥን የሚባል የቅጂ መከላከያ «ዘ ኮተን ክለብ» በሚለው ፊልም ካሴት ላይ ሥራ ጀመረ፤ ሲገለበጥ ስክሪኑ አንዴ ይደምቃል፣ አንዴ ይጨልማል። እኛ ዘንድ እንዲህ ሲሆን መድኃኒቱ ቴሌቪዥኑን በጥፊ ማለት ነበር።

ገልባጮቻችን ታዲያ ዓርማውን አይቆርጡትም። ማስጠንቀቂያውንም እንዲሁ። ያለ ፈቃድ መገልበጥ ክልክል ነው የሚለውን ጽሑፍ በተገለበጠ ካሴት ላይ፣ ቀለሙ ገርጥቶ፣ መስመር እየቆራረጠው፣ በትዕግሥት ተቀምጠን እናየዋለን። ባለቤቱ ባሕር ማዶ ነው፤ ማን ይከፋዋል?

የሚከፋው ሰው እዚሁ የተገኘው የአማርኛ ፊልም በቪሲዲ መውጣት ሲጀምር ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ግልበጣው ግን ቀጠለ። አንድ ወዳጄ መኪናውን ሸጦ ፊልም ሠራ። ለድርጅቱም ዓርማ አሠራ፦ መብረቅ ይመታል፣ ሉል ይዞራል፣ የድርጅቱ ስም በወርቃማ ፊደል ይወጣል። ከፊልሙ ይልቅ በእሷ ይኮራ ነበር ብል አላጋነንኩም፤ ቤቱ የሄደ እንግዳ ሁሉ ያቺን መብረቅ ሳያይ ቡና አይጠጣም። ቪሲዲው በወጣ በሳምንቱ አንድ አዟሪ አስፋልት ዳር አስቁሞት የራሱን ፊልም «ኦሪጅናል ነው ጋሼ» ብሎ ሸጠለት።

«ገዛኸው?» አልኩት።

«ገዛሁት እንጂ! ቤት ወስጄ ስከፍተው መብረቋ ከች አለች። ምናለ እሷን እንኳ ቢቆርጧት!»

ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም። የመኪናውን ዋጋ ሊመልስለት ያሰበው ያ ቪሲዲ ነበር። ፎክስ ያለ እኛ ሳንቲም ብዙ ዓመት ኖሯል፤ ዲዝኒ በ2019 ገዝቶት በዓመቱ «ፎክስ» የሚለው ከስቱዲዮው ስም እስኪወጣ ድረስ። ጥሩንባው ዛሬም አለ። ወዳጄ ግን ሁለተኛ ፊልሙን ሲኒማ ቤት ብቻ አሳየና ዋናውን ቅጂ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ቁልፉን ለሚስቱም አልሰጣትም።